የፈረስ ላብ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ልጅቷ የሥራ ቤቱን የግቢ በር ከፍታ ስትገባ አባቷ በግቢው ድንጋይ ላይ በጀርባው ወድቆ ሞቷል። ወገቡ ላይ የተበጠሰ ጠፍር አለ፤ ከበላዩ የፎቁ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አባቷ አሮጌ ኮርቻና ልጓም እየገዛ ቦርሳና ቀበቶ የሚሠራ ሰው ነበር። ዕቃውን በገመድ ወደ ፎቅ ሲጎትት ወገቡን በጠፍር ከምሰሶው ጋር አስሮ ከመስኮቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ጠፍሩ የሞተበት ፈረስ የሆድ መታጠቂያ ነበር። ሌላውን የፈረስ ዕቃ ሁሉ ላቡ እንዲወጣ ውኃ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ያንን ግን «የጓደኛዬን ጠረን አላሳጥብም» ብሎ እንዳለ ተወው።

የመጣችው መርማሪ አጠር ያለች፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ነበረች።

«ስንቴ ነገርኩት» አለ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ መርፌ እያነሳና እየጣለ። «የፈረስ ላብ ቆዳን ከስር ይበላል። ወንድሜ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።»

ደንበኞች ቅቤ ምላስ የሚሉት ሻጭ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ቆዳ የማውቀው ቦርሳ ከሆነ በኋላ ነው። ላብ ይብላው አይጥ ይብላው ምን አውቄ።»

ልጅቷ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። መርማሪዋ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያንቆራጥጥሻል?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ይበጠሳል ብዬ ስለሰጋሁ ባለፈው ሳምንት በድብቅ ለወጥኩት። እንዳይነቃብኝ ያንኑ ቀለም ቀባሁት፤ ዘለበቱንም አዛወርኩ። የተበጠሰው የኔ ሥራ ነው።»

«ከምን ሠራሽው?»

«ከዛብ። ጋሪ ነጂ በእጁ ከሚይዘው ጫፍ። ውኃ ውስጥ አሳድሬ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

መርማሪዋ ጠፍሩን አወጣችና ጫፉን በምላሷ ነካች። ከዚያ የተበጠሰበትን።

«ምሳ አልበሉም እንዴ?» አለች ልጅቷ ሳታስበው።

«በልቻለሁ። አንቺም ቅመሺው።»

ጫፉ ምንም አይልም። የተበጠሰበት ቦታ ግን ጨው ጨው ይላል።

ሁሉም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ።

«ጠፍሩ ላብ ከስር የበላው ይመስላል» አለች መርማሪዋ። «ነገር ግን ላብ አንዲት ጣት ቦታ መርጦ አይወርድም። ከስር በወስፌ ጭሮ ካሳሳው በኋላ ጨው ያሸበት ሰው አለ።»

«እኔን እንዳይሉኝ» አለ ቅቤ ምላስ።

«ፊቱን ሳይነኩ ከስር ብቻ ማሳሳት የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። አንተ ቀበቶ ልትበሳ ጣትህን የምትበሳ ሰው ነህ።»

ሻጩ በፋሻ የታሰረ ጣቱን አየ። «እሱስ እውነት ነው።»

«የቀሩት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። ጠፍሩ አሁን ከዛብ የተሠራ ነው፤ ለውጣ የሠራችው እሷ ናት። ነጂው የሚይዘው ጫፍ የፈረስ ገላ አይነካም። እሷ ብትሆን በላብ አታሳብብም ነበር። ጨው ያሸው፣ ያው የድሮው መታጠቂያ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው።»

አጎትየው መርፌውን አስቀመጠ።

«ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው ሰፋሁ» አለ፣ ሳያያት። «እሑድ ዕለት፣ ሥራ ቤቱ ለልጄ ነው አለኝ። እኔስ የማን ነኝ?»

ሲወስዱት ልጅቷ መርማሪዋን እጅጌዋን ያዘቻት። «ባልለውጠው ይተርፍ ነበር?»

«የድሮውንም ይጭረው ነበር፤ ያኔ ደግሞ አደጋ ነው ተብሎ ይቀበር ነበር። ስፌትሽን እይው፤ አንድም ክር አልተፈታም።»

አጎቷ ተፈረደበት። ሥራ ቤቱ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ከረመ። ልጅቷ ስትከፍተው ፎቁን አከራየችው፤ አሮጌው ኮርቻ አሁን የሚቀመጠው ምድር ቤት ነው።