የእንባዋ ሰዓት

ክሌሊያ ሞራንዲ ከእብነ በረዱ ደረጃ ግርጌ አንገቷ ተሰብሮ ወድቃለች። አንድ ጫማዋ ከላይኛው እርከን ላይ ቀርቷል። በጨበጠችው ግራ እጇ ውስጥ የተበጠሰ ጥቁር ገመድ ይታያል፤ በገመዱ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው፣ ለጎብኚ የተቀዳ ገለጻ የሚያሰማው ማዳመጫ ግን ከአጠገቧ ተሰባብሯል።

ኢንስፔክተር ኢርማ ካቪኪ ብስክሌቷን ግንቡ ላይ አስደግፋ ገባች። ሆሳዕና ሊደርስ ስምንት ቀን የቀረው ቅዳሜ ነበር። ፌራራ ምሳዋን በልታ መስኮቷን ዘግታለች።

«ከላይ ተገፍትራ ነው» አለ ምክትሏ ኮራዲ። «ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አለ። የገፈተራትንም አግኝቻለሁ።»

«በግማሽ ሰዓት ውስጥ? ታዲያ እኔን ከምሳ እረፍቴ ምን አስነሳኸኝ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ኒቬስ ናት። ሟቿ ኒቬስን ከምትኖርበት ክፍል ልታስወጣት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸት ተሰማ፤ አስጎብኚው እንዳለኝ፣ እሷ ብቅ ያለችው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ቀሚሷም ጉልበቱ ላይ ቆሽሿል።»

«ጉልበቷ የቆሸሸ ሴት ሁሉ ከታሰረች ይህን ከተማ ማን ይወለውለዋል?»

የኢርማ እናት የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ እንደነበረች ኮራዲ ያውቃል።

የማርኬዜ ኡባልዶ ቤተ መንግሥትና የሳንታ ኢላሪያ ቤተ ክርስቲያን በአንድ የውስጥ በር ይገናኛሉ፤ ሁለቱንም ለጎብኚ የምታስተዳድረው ክሌሊያ ነበረች። ከስድስት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ሁሉም ነገር ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ቁልፍ ያላቸው ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም አሁን በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ከፖሊስ መምጣት ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለፈ የለም።

ኢርማ ከማርኬዜው ጀመረች። የሰባ ዓመቱ ባላባት ግራ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ቀኙ ላይ ሳሙና ደርቆበታል።

«እንደሚያዩኝ ነው» አለ። «ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቴን ሲጨርስ አስጎብኚው ኤርሜስ በቤቴ መስኮት "ሰው ሞተ!" ብሎ ጮኸ። ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ መጣሁ።»

«ከክሌሊያ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«የቤቴን ጣሪያ ያሳደሰችው እሷ ናት። ምን፣ ዝናብ ናፍቆኝ ነው የምገድላት?»

ኒቬስ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ያሳለፈችው ከመቅደሱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክሌሊያ ያቺን ክፍል የፖስት ካርድ መሸጫ ልታደርጋት ወስና ነበር።

«ይጠሏት ነበር?»

«አዎ። አሁንም እጠላታለሁ። ነፍሷን ይማር፤ ግን እጠላታለሁ።»

ኮራዲ ካቴናውን ነካ አደረገ። ኢርማ በዓይኗ አስቆመችው።

«ጩኸቱን ሲሰሙ የት ነበሩ?»

«ሥራዬ ላይ ነዋ! ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሰም እየፋቅኩ። ይሄ ጉልበት አንዴ ከታጠፈ በጸሎትም አይዘረጋም። እኔ እስክነሳ ኤርሜስ ፖሊስ ጠርቶ ጨርሷል።»

ኢርማ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን እድፍ በጥፍሯ ጫረችው። ነጭ ሰም ተላጠ። ቀና ስትል የአሮጊቷን ኮሌታ አየች፤ አራት መርፌ ቁልፎች ተሰድረውበታል።

«ይሄስ?»

«የዛሬ ቅዳሜ ሥራ ነው። እናትሽ አላስተማረችሽም እንዴ ልጄ?»

«አስተምራኛለች። ግን እሱ ማታ አልነበረም እንዴ የሚሠራው?»

«ድሮ ማታ ነበር። ዘንድሮ በዚህ ጉልበት መሰላል ልውጣ? መብራት ሠሪው ዴልሞ በሰባት ሰዓት መጥቶ ሠራልኝ፤ በስምንት መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ለማንም አልነገርኩም፤ ማንስ ጠየቀኝ?»

ኢርማ ኮራዲን ወደ ዴልሞ ላከችውና ወደ ኤርሜስ ጉዊዶቦኒ ዞረች።

ኤርሜስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችን ከተማ ለእንግዳ ሲያሳይ የኖረ አስጎብኚ ነው። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። የቀኝ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም፤ ማርኬዜው ውሃ ሲያቀርብለት እንኳ በግራው ተቀበለ።

«ማዳመጫው ውስጥ ያለው ድምፅ የእርስዎ ነው አሉ።»

«የኔው ነው። በክረምት "ለማስታወሻ እንቅዳህ" አለችኝ፤ ቀዳችኝ፤ ፈረምኩ። ትናንት ደግሞ "ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ፣ ድምፅህ ይበቃናል" አለችኝ።» ፈገግ አለ። «በገዛ ምላሴ ተባረርኩ፤ ያስቃል አይደል?»

«አያስቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን፤ የምታነባዋ እመቤት ሥዕል ፊት። ልሰናበታት ገብቼ። መቼም ያውቃሉ፣ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ትገባና ጉንጯ ላይ ታርፋለች። የተሳለችው እንባ እውነተኛ ውሃ ትመስላለች። እንባዋ ቦግ ስትል እያየሁ ሳለ ጩኸቱ መጣ። ሮጬ ወጣሁ።»

«ዛሬም እንባዋን አዩዋት?»

«እርስዎን አሁን እንደማይዎት።»

ኮራዲ ሲመለስ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። ኢርማ ተነሳች።

«ሁላችሁም ተከተሉኝ። ሲኞር ኤርሜስ እንባዋን ያዩበትን ቦታ ያሳዩናል።»

በውስጥ በሩ አለፉ። ኤርሜስ ከፊት፣ ኒቬስ እያነከሰች ከኋላ። በግራ በኩል ወዳለው ጸሎት ቤት ሲታጠፉ ኤርሜስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የምታነባዋ እመቤት አልታየችም። ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ ጨርቅ ተጋርዶባታል፤ ጠርዙ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል።

«በሕማማት ሰሞን ሥዕል እንደሚሸፈን በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም» አለች ኢርማ። «እርስዎም ያውቃሉ። ግን ሲኞራ ኒቬስ የምትሸፍነው ማታ ከጸሎት በኋላ ስለነበረ በዘጠኝ ሰዓት እመቤቲቱ እንደወትሮው ተገልጣ የምትጠብቅ መሰለዎት።»

«ይቺ... አሁን ነው የሸፈነችው! እኔ ከወጣሁ በኋላ!»

«በምን መሰላል? ዴልሞ የላይኛውን ቋጠሮ በራሱ እጅ አስሮ በስምንት ሰዓት መሰላሉን ይዞ ወጥቷል። በዘጠኝ ሰዓት እዚህ የነበረ ሰው የሚያየው ጨርቅ ነው፤ ከጨርቁ ሥር ደግሞ ሰም የምትፍቅ ሴት። እርስዎ አንዷንም አልጠቀሱልኝም። ማርኬዜው በግማሽ ጢም ሰው አይገድልም፤ ፊቱ ምስክሩ ነው። የሲኞራ ኒቬስ ጉልበት ላይ ያለው ሰም ከዚህ ወለል የተፋቀ ነው። የቀሩት እርስዎ ነዎት። አሁን ቀኝ እጅዎን ከኪስ ያውጡልኝ።»

ኤርሜስ አላወጣም። ኮራዲ ጎትቶ አወጣለት። መዳፉን አቋርጦ ቀጭን ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ ገመድ የበላው ነው።

«ደረጃው ላይ ቆማ እያዳመጠችኝ ነበር» አለ ኤርሜስ። ያ ድምፁ ደርቋል። «እኔ ፊቷ ቆሜ እያናገርኳት፣ እሷ በማዳመጫው እኔን ትሰማለች። "ቆይ፣ አንተን ልጨርስህ" አለችኝ። ድምፄን መልሺልኝ ብዬ ክንዷን ያዝኩ። ገመዱን ሳብኩት። ስትጮህ... ገፋኋት።»

«ከዚያም ይቺን አሮጊት ለኮራዲ ጠቆምክለት» አለች ኢርማ። «አንተ»ን የመረጠችው አስባበት ነው። «ዘግይታ ነው የመጣችው ያልከው አንተ ነህ።»

ኒቬስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «እኔን? ኤርሜስ፣ በዚያ ሁሉ ክረምት ሾርባዬን የጠጣኸው ሰውዬ፣ እኔን?»

ኤርሜስ ፊቱን አዞረባት።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ኢርማ። «ልሰናበታት ገባሁ አልክ። እውነት ገብተህ ቢሆን ኖሮ ጨርቁን ታይ ነበር፤ ከኒቬስ ጋር ሆነህ ክሌሊያን ትረግምና ወደ ቤትህ ትሄድ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንባዋን ለሰው ስታሳይ ኖረህ፣ ዛሬ ለራስህ አንዴ ማየት ከበደህ።»

ኤርሜስ ጨርቁ ላይ አፈጠጠ። «ኒቬስ፣ ግለጪልኝ። አንዴ ልያት።»

«የምትገለጠው ለትንሣኤ ነው» አለች ኒቬስ። ቀስ ብላ ጎንበስ ብላ ከወለሉ የሰም መፋቂያዋን አነሳች። «እንግዲህ ማን እንደሚያሳይህ እንጃ።»

በሳምንቱ ሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ ለጎብኚ ተከፈተ። የኤርሜስን ድምፅ ከማዳመጫው የሚሰርዝ ሰው አልተገኘም። አሥራ አንድ እንግዶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሐምራዊው ጨርቅ ፊት ተደረደሩ። በየጆሯቸው ያ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ «አሁን ጉንጯን ተመልከቱ» አላቸው። ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው ጨርቁን ተመለከቱ።

ኒቬስ መወልወያዋን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«እግር አንሱ» አለቻቸው። ማንም አልሰማትም።