ጎጆ እስኪወጣ

አብኔዘር በኮምፒውተር ነገር ብልህ ነው ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ባለች የጥገና ሱቅ ውስጥ የሞተ ላፕቶፕ ሲያስነሳ ያየ ሰው ይገረማል። በልብ ነገር ግን፣ በተለይ በገዛ ልቡ ነገር፣ እንደ እሱ ያለ ፈዛዛ አልተፈጠረም። ይህን የምለው ልሰድበው ፈልጌ አይደለም፤ የደረሰበት ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ሀይሚ ወደ ሱቁ የመጣችው ላፕቶፗ እየጋለ ድርግም እያለ ስላስቸገራት ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ የአርክቴክቶች ቢሮ ንድፍ ትሠራለች።

«ሥራ ላይ እያለሁ ነው የሚጠፋብኝ» አለችው።

አብኔዘር ከፍቶ አየና ፈገግ አለ። «ሥራሽ ጌም ነው እንዴ?»

ፊቷ ቀላ። ኩብ በኩብ ላይ እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበት፣ ጫካና ዋሻ የሚያስሱበት ጌም ነበር። እሷ ግን ጌሙ ውስጥ የሌለ ነገር ሠርታበታለች፤ የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት። ክዳኑን ራሷ ስላ ነው ያስገባችው። አብኔዘር ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት። አስተያየቱ ስለረዘመ ሁለቱም አፈሩ።

«ክዳኑ ያምራል» አለ በመጨረሻ። «ግን ዝናብ ሲዘንብ አያፈስም። የምር የሣር ቤት እኮ ያፈሳል።»

«እንዲያፈስ ማድረግ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

በዚህ ተጀመረ። ሞድ ይሉታል፤ ጌሙ ላይ የሌለውን የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሷ እየሳለች፣ እሱ እየጻፈ፣ በዓመት ከመንፈቅ ሠላሳ አራት ሞድ ሠሩ። ክረምት በወቅቱ ይገባል፤ ጣራ ያፈሳል፤ ደጋግመው ያረሱት መሬት ይደክማል፤ እንሰት የተከለ ሰው ዓመታት ይጠብቃል። መንገድ የጠፋበት ተጫዋች ካርታ አይሰጠውም፤ ያገኘውን ሰው መጠየቅ አለበት፤ አስቀድሞ ሰላም ካላለ ደግሞ ማንም አይነግረውም። ይህ የሀይሚ ሐሳብ ነበር። ሁሉንም በአንድ ስብስብ አደረጉትና ስሙን «ጎጆ» አሉት።

ስሙ ጦስ አመጣ። አብሮት የሚሠራው ሐሩን ሁለቱ አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ባያቸው ቁጥር «ጎጆ መቼ ነው የምትወጡት?» ይላል። ሀይሚ ታቀረቅራለች። አብኔዘር ግን ኮስተር ብሎ «ሲያልቅ እናወጣዋለን» ይላል። ሐሩን ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ይወዳት ነበር? እንዴታ! የምትመጣ ቀን ከጠዋት ጀምሮ በሩን በሩን ያያል። ለመናገር ግን ለራሱ ቀጠሮ ሰጥቶ ነበር። ጎጆ ወጥቶ፣ ሰው አድንቆት፣ ሲኤምሲ ያሉት ወላጆቿ ፊት «ይህን ሠርተናል» ብሎ የሚቆምበት ነገር ሲኖረው ያኔ ይነግራታል። የላፕቶፕ ጠጋኝ ተብሎ ባዶ እጁን መቅረብ አልፈለገም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የደንበኛ ኮምፒውተር ፈታትቶ ሳለ መልእክቷ ገባ።

«ጎጆ እንውጣ። የምሬን ነው። ዛሬውኑ መልስልኝ።»

ሀይሚ ስትጽፍ ፊደል ትገድፋለች፤ ስንቴ ስቆባታል። እንደለመደው «ን»ን በልቡ «ና» አድርጎ አረመው፤ ጎጆ እናውጣ። ስብስቡን ለሕዝብ እንልቀቀው ማለቷ ነው። ሠላሳ አንደኛው ሞድ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር እየተጋጨ ጌሙን በየደቂቃው ይዘጋው ነበር። ስለዚህ ጊዜው እንዳልሆነ በቅን ልብ አስረዳት።

«አሁንማ አይሆንም ሀይሚ። ገና ብዙ ችግር አለ። እንዲህ ሆነን ሰው ፊት ብንቀርብ እናፍራለን። ቢያንስ እስከ ፋሲካ ጠብቂ።»

ብዙ ቆይታ «ገባኝ» ብላ መለሰች።

አስተዋይነቷን በልቡ አድንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሀይሚ ቀዘቀዘች። ሱቁ መምጣት ተወች፤ ሲደውልላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለዋለች። የቀሯትን ሥዕሎች በአንድ ፋይል ጠቅልላ ላከችለት፤ ከሥሩ «እነዚህ ብቻ ናቸው የቀሩኝ» ከሚል በቀር ቃል የለም። አብኔዘር መዘግየቱ አስከፍቷት ነው ብሎ ደመደመ። መድኃኒቱም ቶሎ መጨረስ ነው።

«አንተ ሰው፣ ሂድና አናግራት እንጂ» አለው ሐሩን።

«ባዶ እጄን?»

ገናና ጥምቀት እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አለፉ። የሚጋጩትን ሞዶች አስማማ። ትስቅ ይሆናል ብሎም፣ መንገድ ሲጠይቋቸው መርቀው የሚሸኙ አዛውንቶች ጨመረላት። የካቲት ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው ሥራው አለቀ።

«ጨረስኩ። ላሳይሽ» ብሎ ጻፈ።

ቦሌ መድኃኔዓለም ባለ አንድ ካፌ ለምሳ ሰዓት ቀጠረችው። ላፕቶፑን ይዞ ቀድሟት ደረሰ፤ ሸሚዙን ተኩሷል። ስትመጣ ለሰላምታ የዘረጋችለትን እጅ ያዘ። የያዘውን እጅ ሳይለቅም በሌላኛው እጇ ጣት ላይ ቀለበት አየ።

ሁለቱም ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ላፕቶፑን አልከፈተውም።

«መቼ ነው?» አላት።

«ቀለበት ያሰርነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው።»

«አልነገርሽኝም።»

«አብኒ፣ ከሰው ሁሉ በፊት የነገርኩት ላንተ ነው እኮ።»

«ምኑን?»

ፊቷ ተለወጠ። «እባክህ አታሹፍብኝ። ደጀኔ የሚባል ልጅ ቤት ሽማግሌ ላከ። አባቱ ከአባቴ ጋር መሥሪያ ቤት አብረው ያረጁ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወዶታል። እማዬን አንድ ቀን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጻፍኩልህ። ሴት ልጅ አፍ አውጥታ ጎጆ እንውጣ ስትል ቀላል ይመስልሃል? ‹ሰው ፊት ብንቀርብ እናፍራለን› አልከኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውልልህ?»

አብኔዘር ስልኩን አወጣ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ገፍቶ መልእክቷን አገኘው። «ን» ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች። የቀረውን አነበበው። አንድም የተሳሳተ ፊደል የለበትም፤ አራት ነጥቦቹ እንኳ በየቦታቸው ናቸው። ሀይሚ ያን ቀን ደጋግማ አንብባ፣ አርማ ነው የላከችው።

«እናውጣ ያልሽኝ መስሎኝ ነው» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «ስብስቡን… እንልቀቀው ያልሽኝ መስሎኝ።»

ሀይሚ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሰዎች ምሳቸውን እያዘዙ ይሳሳቃሉ።

አብኔዘር ውስጡ ባዶ ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ እሷን ደስ አሰኛለሁ ብሎ ሲለፋ፣ እሷ በእሱ መልስ አዝና የሙሽራ ልብስ ስትለካ ነበር። በማን ይፍረድ? የሚቆጣው ሰው አጣ። ከራሱ በቀር ማንም አልነበረም።

«ደህና ሰው ነው?» አላት።

«ደህና ነው። ይንከባከበኛል። እየለመድኩት ነው።» እንባዋን ጠረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። በትክክል አንብበኸው ቢሆን ምን ትለኝ ነበር?»

«እሺ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ነበረች። ከወሎ ሰፈር ቦሌ ድረስ በእግሩ እየሮጠ መጥቶ እሺ ይላት ነበር። ቀና ብሎ አያት። ቀለበቷን በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች፤ ዓይኗ ላይ ፍርሃት አለ። የምትፈራው መልሱን መሆኑ ገባው። እሺ ቢላት ቃሉን ይዛው ቤቷ ትገባለች፤ ከባሏ ጎን ስትቀመጥም፣ ልጅ ስትወልድም አብሯት ይኖራል።

«ያው ነው» አላት። «ገና ነው፣ ጠብቂ ነበር የምልሽ። እንደዚያ አስቤሽ አላውቅም ሀይሚ። ጓደኛዬ ነሽ።»

አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፤ ከተቀመጠች ጀምሮ ያልነካችውን ሻይ አንስታ ጠጣች።

«ተመስገን» አለች። «እኔ ደግሞ አሁን… ተወው። ተመስገን።»

አመነችው። ትንሽ እንኳ ብትጠራጠር፣ አንዴ «እውነትህን ነው?» ብትለው፣ ምናልባት ይህን ያህል ባልጎዳው። እሷ ግን ቀሏት ፈገግ አለች፤ የፈገግታዋ ማማር አንጀቱን በላው።

«በል አሳየኛ» አለች ወደ ላፕቶፑ እየጠቆመች።

«ሌላ ቀን። ምሳ ሰዓትሽ አለቀ።»

እስከ ታክሲው ሰልፍ ሸኛት። የቢሮ አለቃዋን ፈቃድ ጠይቃ ወደ ቤቷ እንደምትገባ፣ ጭንቅላቷን ትንሽ እንዳመማት ነገረችው። የሲኤምሲ ታክሲ መጥቶ ተራዋ ሲደርስ ዞር ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ ሦስት ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ ምንም ሳታፍር።

«ቻው ወንድሜ» አለችው።

ወንድሜ ብላው አታውቅም ነበር።

«ቻው» አላት አብኔዘር። ታክሲው ሞልቶ ሄደ።