የሚልክያስ ማንቂያ

ወይዘሮ ትርሲት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤቷን ሥራ ስትጨርስ ወደ ሟች ልጇ ወደ ሚልክያስ ክፍል ገብታ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች። በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሠላሳ ዓመት ታይፕ የመቱት ጣቶቿ አልከዷትም፤ የከበዳት ፕሮግራም መጻፉ ነው። የልጇ የኮሌጅ ጓደኛ ኅሊና ናት የምታስተምራት፤ መጻፊያውን ፕሮግራም ማንም በነጻ አውርዶ እንዳሻው እንደሚያሻሽለው፣ የጻፉትም በሽቦ ሄዶ ጭስ የሚለካ ሴንሰር ያለባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ እንደሚጫን በትዕግሥት አስረድታታለች።

ሚልክያስ ጀምሮ ሳይጨርሰው የሞተው ሥራ የከሰል ጭስ ማንቂያ ነበር። የገደለውም የከሰል ጭስ ነው። በኅዳር፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ወር፣ ልጄ ሲያጠና አይብረደው ብላ ፍም የሞላ ምድጃ ወደዚህ ክፍል ያስገባችው፣ በሩንም ጥርቅም አድርጋ የዘጋችው እሷ ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን እናት ፍምን ምን ብላ ትጠርጥር? ይህን ለኅሊና እንኳ አልነገረቻትም። ማንቂያውን ጨርሳ በየጎረቤቱ ለመስቀል፣ ሌላ እናት በገዛ እጇ ልጇን እንዳትገድል ለማድረግ ብቻ ትማራለች።

በስድስተኛው ሳምንት ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት የለም አላት። ኅሊና ጉንጯን ስማ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰል አቀጣጥለው እንዲሞክሩት ተስማምታ ሄደች። ትርሲት ግን አላስቻላትም፤ ሰሌዳውን አልጋው ራስጌ አኑራ አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት እያለ ሲወርድ የነበረው የጭሱ መጠን ቁጥር ድንገት አርባ ሆነ፣ ከዚያም መቶ፤ የተዳፈነ ከሰል ሽታም ቀስ እያለ፣ ከግድግዳው የሚመነጭ ይመስል፣ ክፍሉን ሞላው። ማድ ቤት ሄዳ ምድጃውን ዳሰሰችው። ቀዝቃዛ ነው። ተመልሳ መስኮቱን ከፈተች።

ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሲወጣ ማንቂያው ይጮኻል። ለኅሊና ደወለችላት።

«እትዬ፣ ሴንሰሩ አፍ አጠገብ ሲሆንም እንዲህ ይላል። የእርስዎ ትንፋሽ ይሆናል» አለቻት።

ትርሲት ከአልጋው ርቃ በሩ ጋ ቆመች፣ ትንፋሿንም ዋጠች። ቁጥሩ አላቆመም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። አስም የነበረበት ልጇ ደረት ላይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጠው የኖረችው ትንፋሽ ነው። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ነፋሱ በመስኮቱ በገባ ቁጥር ቁጥሩ እየሳሳ፣ እየራቀ ሲሄድ ግን ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው፤ በሩንም ቆለፈች። ማንቂያው ሲጮኽ ትንፋሹ እየደነገጠ ይቆራረጥ ነበርና፣ ስድስት ሳምንት ለፍታ የተማረችውን ፕሮግራም ከፍታ የሚያስጮኸውን መስመር አጠፋችው፣ መልሳም ሰሌዳው ላይ ጫነችው።

«ተኛ፣ የኔ ጌታ» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ጋደም አለች።

ሽታው ከበደ። ስክሪኑ ላይ አሁን የሁለት ሰው ትንፋሽ በዝምታ ይወጣ ይወርድ ጀመር፤ አንደኛው እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ፤ የቆመው ግን የሚልክያስ አልነበረም።