ባዶ እጅህን ና

በዓል ሲቃረብ የሰው ሁሉ እጅ ይፈታል፤ የእሷ ግን ይጠብቃል። ከእሷና ከአባቷ ጋር የምትኖረው አክስቷ «ቋጠሮ» የሚል ስም ያወጣችላት ለዚሁ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ የቤቱ ወጪ በእሷ እጅ ነው። ቀን ቀን የቀለምና የሚስማር መደብር ውስጥ የሰው ገንዘብ ትይዛለች፤ ማታ ደግሞ የአባቷን ጡረታ ከራሷ ደመወዝ ጋር ታብቃቃለች። ዘይቱንና ዱቄቱን ገበያው ሳይሞቅ፣ ሰው ስለ በዓሉ ገና ሳያስብ፣ ጥቂት በጥቂት ገዝታ አልጋ ስር ትከታለች። ጎረቤቱ በዋጋ ንረት ሲንጫጫ እሷ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጣለች።

የምትወደውን ፀጉር አስተካካይም ያገኘችው በዚሁ ጠባይዋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የበዓል ዋዜማ ላይ፣ አባቷን ፀጉር ልታስቆርጥ ወሰደቻቸው። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ ዋጋውም ጨምሯል።

«ለምን ጨመረ?» አለች።

«በዓል ነዋ፣ እህቴ።»

«በዓል ሲመጣ የአባቴ ፀጉር ይበዛል እንዴ?»

ወጣቱ መቀሱን እንደያዘ የአባቷን አናት አየ። ከጆሯቸው በላይ ከቀረችው ጥቂት ሽበት በቀር የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው አባቷ ናቸው፤ ከዚያ ወጣቱ፣ ከዚያ እሷ። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን ሁለቱም መሳቃቸውን ተዉ። ግማሽ ዋጋ ከፍላ ወጣች፤ ልቧን ግን እዚያው ጥላ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ «አባባ፣ ፀጉርዎ አድጓል» ስትል አባቷ «ልጄ፣ አሁን የቀረኝ እኮ ቅንድቤ ነው» ይሏት ጀመር።

ልጁ ደግ ነው። ጣጣውም ደግነቱ ነው፤ እጁ ላይ ገንዘብ አያድርም። ባለፈው ዓመት በዓል ላይ አንድ ሙሉ የሸክላ ሳህን፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ የግድግዳ መስታወት በተሸካሚ አስጭኖ መጣ። አክስቷ በደስታ መሬት አልበቃት አለ። ቋጠሮ ግን ፈገግ እያለች ውስጧ አረረ፤ የተገዛበት ገንዘብ ሁለቱ ለቤት ኪራይ ብለው ያጠራቀሙት ነበር። ሳህኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ፤ በዚያ ዓመት ሊያደርጉት ያሰቡት ሠርግም አብሮት ተቀመጠ።

ዘንድሮ እንደገና ባለ ሁለት ክፍል ቤት አገኙ። ባለቤቲቱ ከበዓሉ ማግስት የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ካልተከፈላት ለሌላ ሰው እንደምትሰጠው ተናግራለች። ያላቸው ልክ ያንኑ ያህል ነው፤ ሳንቲም አይተርፋቸውም።

አንድ አመሻሽ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኞቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገ፣ «ለአባትሽ የሚሆን ካፖርት አይቻለሁ» አላት።

«ምንም አትግዛ።»

«ትንሽ ነገር እንኳ...»

«ትንሽም ቢሆን። ባዶ እጅህን ና።»

መጥረጊያው ቆመ።

«በበዓል? አማቼ ፊት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ኪራይ አይከፍልልንም። እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ሲባል አልሰማህም?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ የቀን ሠራተኛ ነበር» አለ። «ሥራ ያጣ ጊዜ በዓል ሲሆን ቤት ባዶ እጁን ነው የሚገባው። እናቴ በሩን ስትከፍት ፊቱን አይደለም የምታየው፣ እጁን ነው። ክፉ ቃል አይወጣትም። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ እጁን የሚያደርግበት ያጣል። እኔ ያንን ዓይን አልችለውም።»

«በቃ ግዛ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ግን ከገዛ ቤቱ ይሄዳል፣ ቤቱ ከሄደ ዓመቱ ይሄዳል። ሌላ ዓመት የምትጠብቅበት አቅም የላትም።

«ይህን አላውቅም ነበር» አለችው ቀስ ብላ። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

«እንጃ» ብቻ አላት።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። በደጁ ስታልፍ ወረፋው እስከ መንገድ ወጥቷል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። የጠየቀችው ነገር ከአቅሙ በላይ ይሆን? ወይስ ጨርሶ ይቀር ይሆን? እንቅልፍ አጣች።

በበዓሉ ቀን ቤቱ ተወልውሎ፣ ገበታው ቀርቦ፣ አክስቷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። «ዘንድሮስ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን? ምንጣፍ ቢሆን ደግ ነበር።»

በሩ ተንኳኳ። አክስቷ ሮጣ ከፈተች።

ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። የሰው አገጭ ሲላጭ የሚውለው ሰው የራሱን አገጭ ቆርጧል። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ወደ ኋላው ደበቀ። የአክስቷ ዓይን እጁን ተከትሎ ዞረ፤ ከዚያ በትከሻው አሻግሮ መንገዱን አየ።

«ተሸካሚው ወደ ኋላ ቀረ እንዴ?»

ፊቱ ጥቁር አለ። አንድ እግሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ቋጠሮ አየችው። እስከ ዛሬ አባቷ ፊት ስሙን እንኳ ጠርታው አታውቅም፤ «ፀጉር አስተካካዩ» ነው የምትለው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ባዶ እጅህን ና ያልኩት እኔ ነኝ።» አለች። «እሱ እንቢ ብሎኝ ነበር። ያለንን ገንዘብ ለቤት ኪራይ አስቀምጠነዋል። እኔ ዕቃ አልፈልግም፤ እሱን ነው የምፈልገው። እወደዋለሁ። ሌላ ዓመት አልጠብቅም።»

አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ቀስ ብለው ተነስተው እስከ በሩ ሄዱና የወጣቱን ትከሻ ያዙ።

«ይህቺ ልጅ ያለ ክርክር ስትከፍል ዛሬ ገና አየኋት» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ግባ፣ ልጄ። ምን ያቆምሃል? እኔማ ዕቃውን የት እናስቀምጠዋለን ብዬ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።»

ገባ። ከጎኗ ተቀመጠ። እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጉልበቱን ሲያሻሽ ቋጠሮ፣ አባቷ እያዩ፣ እጁን ያዘችው። በረዶ ሆኗል። አጥብቃ ያዘችው፤ እሱም አጥብቆ ያዛት፣ ቀና ብሎም አላየ። አባቷ ገበታውን ባረኩ። ሌሎቹ መብላት ጀመሩ፤ ሁለቱ ግን እንደተያያዙ ቀሩ።

አክስቷ አየች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ አልቻለችም።

«ኧረ በይ ቋጠሮ፣ ቀኝ እጁን እንኳ ልቀቂለት፣ ይብላበት!»