ሳይተረጎም የቀረው

አቶ የኔሰው በቀይ እስክሪብቶ ሁለተኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዙት።

እየሩስ ክው አለች። የአባቷ ሞት ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች የጻፈችው።

«እሱን አይሰርዙት! ዳኞቹ ሲያነቡት ያዝናሉ እኮ።»

«ማዘኑን ያዝናሉ፤ ግን አይጠቅማችሁም» አሉ ጠበቃው። ማመልከቻውን በነፃ ሊያዩላቸው እሺ ያሉ እሳቸው ናቸው። «ኳስ ታያለሽ?»

«የአርሰናል ደጋፊ ነኝ።»

«አይዞሽ፣ ይለፍልሽ። ቫር በቪዲዮ ሲያይ ጨዋታውን እንደገና ያጫውታል?»

«ኧረ አያጫውትም። ዳኛው በግልጽ ከሳተ ብቻ ነው የሚጠራው።»

«አዲስ አበባ ያለውን የፌዴራሉን ሰበር ሰሚ ችሎትም እንደዚያ በይው። ማን ዋሸ፣ ማን እውነት ተናገረ ብሎ እንደገና አይመረምርም። መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ወረቀቱን ያያሉ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካገኙ ‹ያስቀርባል› ይላሉ፤ ያኔ አምስት ዳኞች ይሰሙታል። ካላገኙ ‹አያስቀርብም› ነው። መዝገቡ ተዘጋ ማለት ነው።»

«እናቴን ምንም ሳይጠይቋት?»

«ምንም ሳይጠይቋት።»

እናቷ ለተጊዮርጊስ የምትሰማው አማርኛ ከገበያ አያልፍም። «ምን ይላሉ?» አለች በኽምጣኛ። እየሩስ ነገረቻት። እናቷ ለአዲስ አበባ መንገድ ስንቋን አዘጋጅታ፣ ነጠላዋን አጥባ ጨርሳለች። እዚያ ቆማ የምትናገረውንም ሦስት ዓመት ስታሰናዳው ኖራለች።

«አንድም ሰው ፊቴን ሳያየው?» አለች።

ክርክሩ በእየሩስ አባት ማሳ ላይ ነው። የአባቷ ወንድም ደግሰው «ለሴፍቲኔት እርዳታ ምዝገባ ነው» ብሎ እናቷን አስፈረማት፤ ወረቀቱ ግን የስጦታ ውል ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ክልሉ ሰበር ድረስ የተፈረደው ለእሱ ነው። ለመጨረሻው አቤቱታ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲያገላብጡ የነበሩት ጠበቃ ድንገት ቀና አሉ።

«‹ከሳሽ በውሉ ላይ መፈረሟን በአስተርጓሚ በኩል አምናለች› ይላል። ስም የለውም። አስተርጓሚው ማን ነበር?»

እየሩስ ጆሮዋ ጋለ። «እኔ።»

«አንቺ? ዕድሜሽ ስንት ነበር?»

«አሥራ ሁለት። አስተርጓሚው ሲቀር ዳኛው ‹ልጅቷ ትናገር› አሉ።»

«አስማሉሽ?»

«ኧረ ማንም አላስማለኝም።»

አቶ የኔሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «በይግባኙስ ይህን ያነሳ የለም?»

«የጠየቀን የለም።»

«አሃ! ይኼ እንግዲህ የሕግ ጥያቄ ነው። ያስቀርባል ብዬ አልምልልሽም፤ ግን ዳኞቹ ቆም ብለው እንዲያዩት የሚያደርግ ነገር ነው። አሁን በደንብ አስቢ። እናትሽ ያለችውን ሁሉ ተርጉመሻል?»

እየሩስ ወለሉን አየች። ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ሰቆጣ፣ ደግሰው ቤት እየኖረች ነበር። ደግሰው ችሎቱ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። አልተቆጣም፣ አልዛተም፤ ብቻ ያያታል። እናቷ ስለ ሴፍቲኔቱ፣ እንዴት እንደተታለለች፣ እያለቀሰች ብዙ ተናገረች። እየሩስ «ፈርሜያለሁ ትላለች» አለች። ሌላውን ሳትተረጉመው ቀረች። ዳኛው ጻፉ።

«አሁንስ ምን ይላሉ?» አለች እናቷ። መልስም አልጠበቀች። «ያኛው ዳኛ ሰምቶኝ ነው ያላመነኝ። እነዚህ ደግሞ ጭራሽ ሳይሰሙኝ።»

እየሩስ ቀና ብላ አየቻት። ሰምቶኝ ነው ያላመነኝ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያሰበች ነው የኖረችው።

«እየሩስ፣» አሉ ጠበቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሳይነገር የቀረ ነገር አለ?»

«አለ።»

እስክሪብቷቸውን አነሱ። በአማርኛ ብትነግራቸው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ይጽፋሉ፤ እናቷ ምን እንዳለበት በማታውቀው ወረቀት ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። የአባቷ ማሳም ምናልባት ይመለሳል። እናቷ ሳታውቅባት።

«ጋሼ፣ ገና አይጻፉት፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች።

ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች። እጇን ልትይዛት ፈልጋ ተወችው።

«እማ፣» አለች በኽምጣኛ፣ «ዳኛው አልሰማሽም ነበር።»