ከመታገዱ በፊት የታጨደ ሣር

ምንተስኖት ወደ ዘመሮ ከተማ የመጣው ለሁለት ወር ሥራ ነበር፤ ጥሩሸዋን ካየ በኋላ ግን ሁለት ወር ምን አላት!

ሥራው የበግ አርቢዎች ማኅበርን ኮምፒውተሮች ማገናኘት ነው። ቀየት ገበያ ላይ በጉን የሚሸጥ ገበሬ፣ ዘመሮ ላይ በግ ስንት እንደዋለ እዚያው ቆሞ እንዲያውቅ፤ ነጋዴ እንዳይጫወትበት። ጥሩሸዋ ደግሞ የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ደብረ ብርሃን ተምራ የተመለሰች፣ ለሰው ቶሎ የማትስቅ ልጅ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ሶፍትዌር አሳያት። የሚፈልገውን አንዴ ጽፎ ይሰጠዋል፤ ሶፍትዌሩ በየቅርንጫፉ ያለውን ኮምፒውተር በየተራ እየገባ ያሰናዳል። ሰው አይሄድ፣ ፈረስ አይጫን። ጥሩሸዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየች።

«ሁሉንም እሱ ከሠራ አንተ ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«አንቺን አያለሁ።»

«ወይ ድፍረት!» አለች። ግን ሳቀች፤ መሳቋም ራሷን አስደነገጣት።

ፍቅር መሆኑን ከሁለቱ ቀድሞ ያወቀው ከተማው ነው። ምንተስኖትም ወዲያው ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ገሠሠ ደግሞ ጓሳን ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። የጓሳ ሜዳ የሁሉም ነው፤ ሲታገድ ግን ከብት አይገባበትም፣ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣርም አይታጨድም። ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል። አቶ ገሠሠ በዚህ ቀልድ አያውቁም፤ በእገዳ ጊዜ የገባውን የገዛ ወንድማቸውን በሬ እየነዱ አምጥተው ባለቤቱን ያስቀጡ ሰው ናቸው። ለሽማግሌዎቹም መልሳቸው አጭር ነበር።

«ልጁን አላውቀውም። የመርሐቤቴ ሰው ነው አሉ። ሥራው ይመረቅና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልየው።»

የምረቃው ሳምንት ሰኞ ጥሩሸዋ ቢሮ ስትገባ የምንተስኖት ፊት አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«የሶፍትዌሩ ባለቤቶች ፈቃዱን ቀይረውታል። ድሮ ለማንም ነፃ ነበር። አዲሱን እትም ግን ለክፍያ የሚሠራ ሰው ሳያስፈቅዳቸው እንዳይጠቀምበት ከልክለዋል። እኔ ደግሞ ሳላነብ አዲሱን ጭኜ በሱ ስሠራ ከረምኩ።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ መኳንንት ሳቁ። «አይ አንተ! እዚህ ዘመሮ ድረስ ማን መጥቶ ያያል?»

«እኔ አየሁት እኮ፣ ጋሼ» አለ ምንተስኖት ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ተቀመጠና ሶፍትዌሩን ከነሥራው አጠፋው። የቀየት ቅርንጫፍ ከመስመር ጠፋ። ሌሎቹም ተከተሉ።

ጥሩሸዋ ልታንቀውም ልታቅፈውም ቃጣት። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ልታጣው ነው።

«ሥራው ካልተመረቀ አባዬ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«የማይገባኝን ወስጄ አንቺን ባገባ፣ አባትሽን ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም።»

በር ላይ ሲለያዩ በማግስቱ ማለዳ በአውቶቡስ እንደሚሄድ ነገራት።

ቤት ስትደርስ አባቷን የጎተራውን ክዳን ሲጠግኑ አገኘቻቸው። እንባዋን እንዳያዩባት ስትል ያገኘችውን ወሬ ጀመረች።

«አባዬ፣ ጓሳ ታግዶ የለም እንዴ? ይህ ሣር ከየት መጣ?»

«ከመታገዱ በፊት ያጨድነው ነዋ! ምን ነካሽ ልጄ? በተፈቀደ ጊዜ የታጨደ የአጫጁ ነው። ሜዳው ታገደ ተብሎ የሰው ጣሪያ ይገፈፋል እንዴ?»

ጥሩሸዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሮጠች።

ምንተስኖት ሻንጣውን እየዘጋ ነበር።

«የድሮውን እትም ፈቃድ አምጣ!» አለችው ቁና ቁና እየተነፈሰች።

ትከሻ ለትከሻ ሆነው መስመር በመስመር አነበቡ። እውነትም ለውጡ የሚነካው አዲሱን እትም ብቻ ነው። የድሮው በነፃ እንደተሰጠ ነው፤ ማንም አልከለከለውም።

«ታገደ ሲባል ሁሉም የታገደ መሰለኝ» አለ ምንተስኖት ራሱን እየያዘ።

«አንተ ሜዳውን ለቀህ ስትወጣ ጣሪያህንም አፈረስክ። ና፣ ቁጭ በል፤ አብረን እንሥራው።»

አብረው ሠሩት። በምረቃው ቀን የቀየት የበግ ዋጋ ዘመሮ ላይ ሲነበብ ሰዉ አጨበጨበ። አቶ ገሠሠ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ኮምፒውተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ቀጥ ብለው ወደ ምንተስኖት መጡ።

«መኳንንት ነግሮኛል። ከሳሽ ሳይኖርህ ከብትህን አወጣህ አለኝ።»

«ከብት እንኳ አልነበረም አባቴ፤ ሶፍትዌር...»

«ገባኝ፣ ገባኝ! ማጨድ ትችላለህ?»

ምንተስኖት ግራ ገባው። «አልችልም።»

«እሷ ታሳይሃለች። ጓሳ ሲከፈት ማጭድ ይዛችሁ ኑ።»

ጥሩሸዋ ጠጋ አለች። «ለማን ቤት ነው አባዬ?»

«ለእናንተ ነዋ! ሜዳ ላይ ልታድሩ ኖሯል?» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው መንገድ ጀመሩ። ጥቂት ሄደው ዞር አሉ። «ሳይከፈት እንዳትገቡ ታዲያ! ልጄ ናት፣ አማቼ ነው ብዬ አልምራችሁም።»