መምህርቷ የሌለችበት ቪዲዮ

«ፈገግ በይ እንጂ እማ! የቀብር ማስታወቂያ አስመሰልሽው እኮ» አለች ጆናሊን፣ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች።

«ቅድም ጥርስሽ በዛ አልሽኝ፤ አሁን ደግሞ ቀብር!»

መርሊንዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ነጭ ካናቴራ ለብሳ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች። የጥፍር ቀለሟን ጠዋት ነው ያስለቀቀችው። ሁሉም በወረቀት ተጽፎ የመጣ ትእዛዝ ነው። ሆንግ ኮንግ ያሉ አሠሪዎች የቤት ሠራተኛ የሚመርጡት እንዲህ ያለ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እያዩ ነው።

«ጀምሪ።»

«ስሜ መርሊንዳ ይባላል። ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳይንስ አስተ...»

«ኧረ እማ! አሁንም?»

መርሊንዳ ግንባሯን ያዘች። «ምላሴ ለምዶት እኮ ነው።»

ጠዋት ሳይንስ ማስተማሯን የተናገረችበትን አንድ ቪዲዮ ቀርጸው ነበር። ሊልኩት ሲሉ ግን ደላላዋ ግሌንዳ ደወለች። «መርሊንዳዬ፣ መምህርነቱን እንዳታነሺው! ዲግሪ ያላት ሠራተኛ ትከራከረናለች፣ ልጆቻችንን እኔ ላስጠና ትላለች እያሉ ይሸሻሉ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ በይና እለፊው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰኝ ደግሞ የለሁበትም። የስንት ሴት ቪዲዮ አለብኝ፤ ሳላየው ነው የማስተላልፈው።»

በአራተኛው ሙከራ ተሳካ። «ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ምግብ አበስላለሁ፤ ሕፃን እይዛለሁ፤ አረጋዊ አጥባለሁ። ትእዛዝ አከብራለሁ።» ይህ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ቃል ጸጥ የሚያሰኘው ድምፅ አልነበረም። ለጆናሊን የሌላ ሴት ድምፅ መሰላት።

«በቃ፣ አንቺ ላኪው። ዓሣው ሳይበላሽ ልሥራው» ብላ መርሊንዳ ወደ ጓዳ ገባች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ቪዲዮዎች ስልኩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጆናሊን አውራ ጣቷን የጠዋቱ ላይ አሳረፈች። ይህን ብትልክ ግሌንዳ አታየውም። አሠሪዎቹ ያዩና ያልፉታል። እናቷ «አልተመረጥሽም» ትባላለች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግራትም። ሰኞም፣ የሚቀጥለው ዓመትም እዚሁ ኢሎኢሎ ከተማ፣ እዚሁ ቤት ትሆናለች።

እዚህ ሆና ግን ምን ልታገኝ? በኮንትራት እያስተማረች ቋሚ ቅጥር መጠበቅ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያ የሰው ወለል ወልውላ የምታገኘው፣ እዚህ አስተምራ ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጆናሊን ይህን ታውቃለች። ብታውቀውም ጣቷ ከቪዲዮው ላይ አልተነሣም።

አምና የጓደኛዋን የቤት ሥራ ገልብጣ ለገዛ እናቷ አስረክባ ነበር። መርሊንዳ ክፍሉ ፊት ወረቀቱን ከፍ አድርጋ «ይህ የራስሽ እጅ ነው?» ስትል ጠየቀቻት። ዜሮ ሰጠቻት። ቤት ውስጥ ግን ነገሩን አንድም ቀን አላነሣችውም።

ጆናሊን ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«ላክሽው?»

«አልላክሁም። የጠዋቱን ልልክልሽ ነበር።»

የመርሊንዳ ቢላዋ ዓሣው ላይ ቆመ።

«እንዳይመርጡሽ ብዬ» አለች ጆናሊን።

ስልኩ ጮኸ፤ ግሌንዳ ናት። «የት ደረሳችሁ እናንተ? ልዘጋ ነው!»

«እጅሽን አምጪ» አለች ጆናሊን። ከባልዲው ውኃ ጨለፈችና የእናቷን እጅ አስታጠበቻት። ጣቶቿ ላይ የተጣበቀው ቅርፊት አንድ በአንድ ረገፈ። ከዚያ ፎጣውን፣ ቀጥሎም ስልኩን ሰጠቻት።

«ሁለቱንም እያቸው። የምትልኪው አንቺ ነሽ።»

ጆናሊን ቢላዋውን አንሥታ ዓሣውን መፋቅ ቀጠለች። ከጀርባዋ የጠዋቱ ቪዲዮ ተከፈተ። «ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ» አለ የእናቷ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ። እስከ መጨረሻው ሄደና ቆመ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ጆናሊን ዞር ብላ አላየችም።